ቅዳሜ የሚጀመር ሰኞ፦ ልጅን ለካቶሊክ ትምህርት ቤት በልብስም በትምህርትም ስለ ማዘጋጀት

በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚገኝ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ሳስተምር፣ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ተማሪ የመቀበል ተራ ይደርሰኝ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳዩ ከሣሩ ላይ ገና ሳይነሣ ልጆች እጃቸውን በሹራባቸው እጅጌ ሸሽገው ይመጣሉ፤ አንዱ ክራባቱን ከኪሱ አውጥቶ እዚያው ያስራል፤ የሌላዋ እናት የነጠላዋን ጫፍ አርጥባ የልጇን ጫማ ትወለውላለች፤ ሦስተኛው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከጓደኛው የቤት ሥራ ይገለብጣል። ከዚያ በር ያተረፍኩት ትዝብት፣ ጠዋት ካልሲው የጠፋበት ልጅ ብዙ ጊዜ የቤት ሥራውም ያልተሠራ መሆኑ ነው። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሰኞው ዝግጅት ለሰኞ ጠዋት ስለተተወ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የደንብ ልብስንና ጥናትን እንደ ሁለት ጉዳይ ሳልለያይ፣ ቅዳሜ ላይ አብረው የሚሠሩ የአንድ ዝግጅት ሁለት ክፍሎች አድርጌ አቀርባቸዋለሁ።

ደንቡን በጽሑፍ መቀበል

የደንብ ልብሱ ቀለምና ዓይነት በየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ስለሆነም የጎረቤት ልጅ የለበሰውን አይቶ ጨርቅ ከመግዛት በፊት፣ ምዝገባ በሚካሄድባቸው የክረምት ወራት የደንቡን ወረቀት ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ መቀበልና ቃል በቃል ማንበብ ይገባል። «ጥቁር ጫማ» እና «ጥቁር የቆዳ ጫማ» አንድ አይደሉም። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው፤ የራሴን ልጅ ያስገባሁበት ሌላ ትምህርት ቤት የሰጠኝ ወረቀት «ጥቁር ጫማ» ብቻ ይል ስለነበር ጥቁር ሸራ ጫማ ገዛሁላት፣ በሦስተኛው ቀን ግን ከበር ተመለሰች። የቆዳ መሆን እንዳለበት የተነገረው በወላጆች ስብሰባ ላይ በቃል ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያ ስብሰባ አልተገኘሁም። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ጉድለት እንዳለበት ዛሬም አምናለሁ፤ ነገር ግን ያመለጠው ትምህርት የልጄ እንጂ የእሱ አልነበረም።

በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው። ጨርቁ የግድ ከትምህርት ቤቱ የሚገዛ ነው ወይስ ከገበያ መግዛት ይቻላል? በብርድ ወራት ከሹራቡ በላይ ጃኬት ይፈቀዳል ወይ፣ ከተፈቀደስ ቀለሙ የተወሰነ ነው? የስፖርት ልብስ የሚለበሰው በየትኛው ቀን ነው፣ ልጁስ ለብሶት ይመጣል ወይስ እዚያ ይቀይራል? የጉርድ ቀሚሱ ርዝመት ከጉልበት በታች ስንት ነው? የአንገት ማተብ ከሸሚዝ ውስጥ ይደረጋል ወይስ እንዳለ ይታያል? እነዚህን በነሐሴ መጠየቅ ቀላል ነው፤ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ግን ጸሐፊዋም ዩኒት ሊደሩም ጊዜ የላቸውም።

ልጁ «ለምን?» ብሎ ከጠየቀ፣ እንደሚጠይቅም እርግጠኛ ነኝ፣ «ደንብ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ለአለባበስ የሚሰጡት ትኩረት ረጅም ታሪክ አለው። ለድኾች ልጆች በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶችን የከፈተውና ከጊዜ በኋላ በ1950 እ.ኤ.አ. የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ የተሰየመው ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል፣ በ1703 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎቹ ባሳተመው የጨዋነት መመሪያ ስለ አለባበስ ጭምር ጽፏል። እኔ በበኩሌ ለልጆች የምሰጠው ምክንያት ከዚህ ይቀርባል፤ የባለ ሱቁ ልጅና የቀን ሠራተኛው ልጅ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ መምህሩም ጓደኞቻቸውም በልብሳቸው እንዳይለዩዋቸው ነው። ልጁም ጠዋት ምን ልልበስ እያለ የሚያጠፋው ሐሳብ ይተርፍለታል።

ጨርቅና ስፌት

አብዛኛው የደንብ ልብስ የሚሰፋው ከቴትሮን ነው። ጨርቅ ሲገዙ የሻጩን ቃል ብቻ አይስሙ፤ የጨርቁን ጫፍ በጡጫ ጨምቀው ለጥቂት ጊዜ ይያዙና ይልቀቁት። ተጨማድዶ የሚቀር ከሆነ በየቀኑ ካውያ ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩት፤ ክሩ ሳስቶ ብርሃን በብዛት የሚያሳልፍ ከሆነ የሱሪው ጉልበትና መቀመጫው እስከ ፋሲካ አይደርስም። ቀለሙን ለመፈተን ደግሞ ነጭ መሐረብ በውሃ አርጥቦ ጨርቁን ጠበቅ አድርጎ ማሸት ነው፤ መሐረቡ ከተበከለ ያ ሰማያዊ ቀለም ነገ ወደ ነጩ ሸሚዝ ይዛወራል። ጥጥ የበዛበት ጨርቅ ከሆነ ወደ ልብስ ሰፊ ከመውሰድዎ በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ መሰብሰቡ ካልቀረ ከስፌት በፊት ይሰብሰብ።

ልብስ ሰፊ ጋ ልጁን ይዞ መሄድ የግድ ነው፤ አሮጌ ሱሪ ልኮ «በዚህ ልክ» ማለት ያለፈውን ዓመት ልጅ ማልበስ ይሆናል። ጃኬት የሚለካው ከሹራብ በላይ ነው። የሱሪው መቀመጫ በድርብ ስፌት እንዲሰፋ፣ ከውስጥ የሚተርፈው ጨርቅም ሰፋ ብሎ ጠርዙ እንዲዘመዘም ይንገሩት። ከሁሉ በላይ ግን የእጥፋቱ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ልጅ በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ በርከት ያለ ቁመት ይጨምራል። ልብስ ሰፊ ደግሞ በልማድ ሱሪውን ለክቶ ሁለት ጣት የሚያህል እጥፋት ይተውና ትርፉን ይቆርጠዋል። «ትርፉን አይቁረጡት፣ ወደ ውስጥ ይታጠፍልኝ» ብለው ያስቁሙት፤ አራት ጣት፣ ወደ ስምንት ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ በሱሪውም በጉርድ ቀሚሱም ግርጌ ይቀመጥ። ይህ እጥፋት በመኪና ጠበቅ ብሎ ሳይሆን በእጅ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ቢያዝ ይሻላል፤ ከጥምቀት በኋላ መርፌ በጨበጠ እጅ በሩብ ሰዓት ይፈታል። ሲፈታ የድሮው መታጠፊያ ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ብዙ እናቶች ይህን ፈርተው አዲስ ይገዛሉ። ነገር ግን ጥቂት አቼቶ በውሃ በጥብጦ፣ ንጹሕ ጨርቅ በዚያ ነክሮ፣ መስመሩ ላይ አንጥፎ በካውያ መተኮስ መስመሩን በደንብ ያደበዝዘዋል። ቀለሙ እንዳይለቅ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ መሞከር ብልህነት ነው። ካውያው የከሰል ከሆነ ፍሙ ልብሱ ላይ እንዳይረግፍ በር ላይ ወጥቶ ማራገፍ፣ በቴትሮንና በካውያው መካከል ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ አይረሳ፤ ባዶውን ሲተኮስ ያብረቀርቃል፣ ያ ማብረቅረቅ ደግሞ አይለቅም።

በቁጥር ረገድ የእኔ ምክር ሁለት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ፣ አንድ ጥሩ ሹራብ ነው። ሦስት ርካሽ ሹራብ ከመግዛት ሱፍ ያለበት አንድ መግዛት በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርድ ያዋጣል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢት ለሚማር ልጅ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ቀላል የጥጥ ሸሚዝ ነው፣ ሹራቡ አብዛኛውን ዓመት ቦርሳ ውስጥ ይከርማል። ከውስጥ ስለሚለበሰው ብዙ ወላጆች አይጨነቁም፤ ነገር ግን በደጋው የልጁን ጠዋት የሚወስነው እሱ ነው። ከነጩ ሸሚዝ ሥር የሚለበሰው ሙቀት ሰጪ ካናቴራ ነጭ ይሁን፤ ቀይ ወይም ጽሑፍ ያለበት ከሆነ በሸሚዙ ውስጥ አሳልፎ ይታያል፣ ተማሪውም ሰልፍ ላይ ይጠራበታል።

ስለ በርኖስ አንድ ነገር ልጨምር። የመንዝ አያቶች የልጅ ልጃቸውን ያለ በርኖስ ወደ ውርጭ መላክ አይሆንላቸውም፤ ትክክልም ናቸው። ደንቡ ደግሞ በርኖስ አያውቅም። የታዘብኩት መፍትሔ ልጁ እስከ በር ድረስ በርኖስ ተከናንቦ መጥቶ፣ በሩ ላይ ለሸኘው ሰው አስረክቦ መግባቱ ነው። ዘመናዊው ጃኬት ከመምጣቱ በፊት ያገሬው ሰው ለብርዱ ያበጀው ልብስ እሱ ስለሆነ፣ ከበር ውጭ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ጫማ፣ ፀጉርና የቀረው

የቆዳ ጫማ ሲገዛ ከአውራ ጣቱ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይተርፍ። ሲረጥብ እሳት ዳር ማድረቅ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ጋዜጣ ጨብጦ ውስጡ መጠቅጠቅና ነፋስ ባለበት ማስቀመጥ ይሻላል። ቀለም የሚቀባው ከደረቀ በኋላ ነው። ካልሲ አምስት ጥንድ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፤ አንዱ ሲጠፋ የቀረው ከሌላው ጋር ይጣመራል። ፀጉርን በተመለከተ ለሴቶች ልጆች ጥብቅ ያለ ሹሩባ ለሳምንት ስለሚቆይ ይመረጣል፤ ወንዶች ይላጫሉ ወይም አጠር አድርገው ይቆረጣሉ። ጥፍር እሑድ ማታ ይቆረጥ። የጌጥና የቅባት ነገር በአብዛኛው ወረቀት ላይ የተከለከለ ስለሆነ ብዙ አልልም።

ቅዳሜ

ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እሑድ ካጠቡት በደጋው ፀሐይ ላይ መተማመን ነው፣ በክረምት ደግሞ አይታመንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ዓርብ ማታ ጄሪካኑ መሞላት አለበት። የሸሚዙ ኮሌታና እጅጌ ላይ ሳሙና ቀብቶ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ማሸት፣ ሁለት ጊዜ መለቅለቅ፤ በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ልብስ ተገልብጦ ይሰጣ፤ የደጋ ፀሐይ ባይሞቅም ቀለም ይበላል። ሹራብ በገመድ ላይ በትከሻው አይንጠልጠል፣ ይለጠጣል፤ ሰፋ ባለ ነገር ላይ ይዘርጋ። ከ4ኛ ክፍል በላይ ያለ ልጅ ካልሲውንና ሸሚዙን ራሱ ማጠብ ይችላል፣ ማጠብም አለበት።

አሁን ልብሱ እስኪደርቅ ያለው ጊዜ አለ። ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር በ1599 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶቹ ባወጣው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ በየቀኑ ያለፈውን ትምህርት መድገም፣ ቅዳሜ ደግሞ የሳምንቱን ሁሉ መከለስ ተደንግጎ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የቃል ትምህርቱን ማታ ማታ ሲቀጽል የሚያድረው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ገመዱ ላይ ልብስ ሲሰጣ ልጁም ደብተሮቹን ይዞ ይቀመጥ።

ክለሳው ማንበብ ከሆነ ከንቱ ነው። ልጁ የሳምንቱን ማስታወሻ አንድ ጊዜ ያንብብ፣ ደብተሩን ይዝጋ፣ ከዚያ ለአንድ ሰው ይንገር። የሚነገረው ሰው መማሩ ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ያልተማረ ሰው ይሻላል። አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ባቄላ ለምትፈለፍል አያቱ ስለ ውሃ ዑደት ሲያስረዳ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ምናምን ሆኖ ይዘንባል» አላት። አያቱ እጇን ሳታቆም «ምናምኑ ምንድን ነው?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ደመና እንዴት እንደሚሠራ፣ ተኑ ሲቀዘቅዝ ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ እንደሚለወጥ አልያዘውም ነበር። ወላጅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ይኸው ነው፤ «ምናምን» የተባለበትን ቦታ በእርሳስ ደብተሩ ላይ ምልክት ማድረግና ልጁ ወደዚያ ገጽ ብቻ ተመልሶ እንዲያነብብ ማዘዝ። ሦስት «ምናምን» የተገኘበት ሳምንት መጥፎ ሳምንት አይደለም፤ ስድስትና ሰባት ከሆነ ግን ሰኞ ወላጅና መምህር በሚጻጻፉበት ደብተር፣ በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ለመምህሩ ሁለት መስመር መጻፍ ያስፈልጋል።

በየዕድሜው የሚለወጠው ጥናት

ክላሲካል የሚባለው የካቶሊክ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በሦስት መሠረቶች ላይ ይቆማል፤ ሰዋስው፣ ሎጂክና የንግግር ጥበብ። ከእነዚህ በላይ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ ይታከላሉ። በውጭው ዓለም በዚህ መንገድ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ላቲን ያስተምራሉ፤ ዐረፍተ ነገር መፈታታትን ልጁ በላቲን ይለማመዳል። በእኛ አገር ያሉት ትምህርት ቤቶች የመንግሥቱን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ቢሆንም፣ ወላጅ ይህን አካሄድ በቤቱ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማና በቅኔ አልፎ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ለሚሄድ አገር ይህ መንገድ ባዕድ አይደለም። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ እያለ የግእዝ ንባብ የሚለይ ሕፃን ሰዋስውን በጆሮው ጀምሮታል።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሥራው ማስታወስ ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ በቃል ይባል፤ አንድ ግጥም በየሁለት ሳምንቱ በቃል ይያዝ፤ የእጅ ጽሑፍ በየቀኑ አምስት መስመር ይጻፍ። በዚህ ዕድሜ ልጁ መሸምደድ አይሰለቸውም፤ የሚሰለቸው ወላጁ ነው።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ልጁ መከራከር ይጀምራል፣ ይህም ጥሩ ነገር ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም በፊደል ገበታ ላይ ያነበብነውን «አበበ በሶ በላ» ይውሰዱ። ማን በላ? አበበ። ምን በላ? በሶ። «አበበ በሶውን በላ» ስንል ለምን «ን» መጣ? ምክንያቱም በሶው ተለይቶ የሚታወቅ ሆኗል፤ ልጁ ይህን ራሱ እንዲደርስበት ይተዉት። ከዚያ በእንግሊዝኛ ያንኑ እንዲል ይጠይቁት፤ በአማርኛ መጨረሻ ላይ የቆመው ግሥ በእንግሊዝኛ በመካከል እንደሚገባ፣ ባለቤትና ተሳቢ በቦታቸው ብቻ እንደሚለዩ ያያል። ይህን የለመደ ልጅ በ9ኛ ክፍል የትምህርቱ ቋንቋ በሙሉ እንግሊዝኛ ሲሆን የሚወድቀው በቃላት እጥረት እንጂ በዐረፍተ ነገር አሠራር አይደለም፤ የቃላት እጥረት ደግሞ በየቀኑ አሥር ቃል በመያዝ ይሞላል።

ለሎጂክ መጽሐፍ አያስፈልግም። «በግ ሁሉ እንስሳ ነው፤ ይህ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ ይህ በግ ነው» ብለው ይጠይቁት፣ የመንዝ ልጅ ወዲያው ይስቃል፤ «ለምን ሳቅህ?» የሚለው ጥያቄ ነው ትምህርቱ። በሒሳብም እንዲሁ፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም «እንዴት እዚህ ደረስህ?» ተብሎ መንገዱን በቃል ማስረዳት ያልቻለ ልጅ ገና አልተማረውም።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የንግግርና የጽሑፍ ዘመን ነው። አባቶቻችን በችሎት «በላ ልበልሃ» እና «ተጠየቅ» እያሉ የሚሟገቱበት ጥበብ ነበራቸው፤ ነገሩን በሥርዓት ያነሣሉ፣ የባላጋራቸውን ቃል ይደግማሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ርእስ ላይ የሦስት ደቂቃ ንግግር በቤት ቆሞ ያቅርብ፤ ቁሞ ይሁን፣ የደንብ ልብሱንም ለብሶ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ተቀምጦ የሚናገርና ቆሞ የሚናገር ልጅ አንድ ድምፅ የለውም። በመጀመሪያ የሌላውን ወገን ሐሳብ በታማኝነት ይናገር፣ ከዚያ የራሱን።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ የሚል ወላጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያስታውስ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ከተሰጠ በኋላ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ በሰሜን ሸዋም ጭምር ትምህርት ያቋረጠው ጦርነት አንዱ ነው። ሆኖም የተረፈውን ድርሻ ስመረምር ከመምህርነት ልምዴ የማየው አንድ ነገር አለ፤ ለፈተና ወር ብቻ የተዘጋጀ ተማሪ ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝበት ይጠፋበታል። ለአያቱ እየነገረ ያደገ ግን ጥያቄውን አዙሮ ያየዋል።

የሃይማኖት ጥያቄ

ከብዙ አያቶች አፍ የሚወጣ ሥጋት አለ፤ «ካቶሊክ ሊያደርጉት ነው።» ሥጋቱ ከሜዳ አልመጣም፤ ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ አቡነ መሲያስ በ1868 እ.ኤ.አ. ሸዋ ደርሰው ልቼ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገናኝተዋል፤ በ1879 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሸዋ ወጥተዋል። ከዚያም በፊት ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው ብዙ ደም የፈሰሰበት የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጠባሳ አለ። ዛሬ ግን የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ከሕዝቡ ከመቶ አንድ አይሞሉም፣ በትምህርት ቤቶቻቸው የሚማረውም አብዛኛው ልጅ የሌላ እምነት ተከታይ ነው። አያቶቹ ቢያውቁት የሚገርማቸው ነገር ደግሞ፣ በሰሜኑ ያሉት ካቶሊኮች ቅዳሴያቸው በግእዝ ሥርዓት መሆኑና ከሚያከብሯቸው አንዱ፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ የተባሉት አባ ገብረ ሚካኤል፣ ጎጃም ተወልደው በአብነት ትምህርት ያደጉ መነኩሴ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ በሐሜት ፈንታ በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል። ሲስተሯን ወይም አባን በአክብሮት «የሃይማኖት ትምህርት ለሁሉም ነው ወይስ ለካቶሊክ ልጆች ብቻ? በጸሎት ሰዓት የኛ ልጅ ምን ያደርጋል? በጾም ወራት የምሳ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱን ሰምቶ ልጁን ማስረዳትም ያስፈልጋል፤ በሌላው ጸሎት ጊዜ ጸጥ ብሎ በክብር መቆም ከራሱ እምነት አያወጣውም፣ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው።

እሑድ ማታና ሰኞ

ደብተሮችን መለበድ የጳጉሜን ሥራ ነው፤ በመጽሔት ወረቀት ተለብዶ ከላዩ ፕላስቲክ የለበሰ ደብተር ዓመቱን ይዘልቃል። የትምህርቱ ስም፣ የልጁ ስምና ክፍሉ በልጁ እጅ ይጻፍ። በሹራቡና በጃኬቱ ኮሌታ ውስጥም ስሙ በክር ይጠለፍ፤ በስክሪብቶ የተጻፈ ከሦስት እጥበት በኋላ አይነበብም፣ አንድ መቶ ልጅ አንድ ዓይነት ሹራብ በሚያወልቅበት ሜዳ ላይ ደግሞ ስም የሌለው ሹራብ የማንም ነው።

እሑድ ከራት በኋላ ልጁ የሰኞውን ፕሮግራም አይቶ ቦርሳውን ራሱ ያዘጋጅ። ወላጅ አያዘጋጅለት፤ ከጀርባው ቆሞ «ሰኞ ስንተኛው ክፍለ ጊዜ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የተሠራው ወርክሺት ከየደብተሩ መካከል ሳይሆን በአንድ ክላሰር ውስጥ ይቀመጥ፤ መምህሩ ሲጠይቅ ልጁ አምስት ደብተር አያራግፍም። ልብሱ ከውስጥ ወደ ውጭ በሚለበስበት ቅደም ተከተል ወንበር ላይ ይደረደር፤ ካናቴራው ከሁሉ በላይ፣ ሹራቡ ከሁሉ በታች። ካልሲው ጫማው ውስጥ ይግባ። ክራባቱን በየቀኑ መፍታት አያስፈልግም፤ ላላ አድርጎ በራስ ላይ ማውለቅ ይቻላል፣ ታጥቦ ሲደርቅ ግን ልጁ ራሱ አዲስ እንዲያስር ይለማመድ።

ሰኞ ጠዋት ትኩስ ነገር ሳይቀምስ አይውጣ፤ ሻይና ዳቦም ቢሆን፣ በሶም ቢሆን። ቁርሱን የደንብ ልብስ ሳይለብስ በቤት ልብሱ ይብላ፣ ወይም ከሸሚዙ በላይ አንድ አሮጌ ጨርቅ ይከናነብ፤ የሽሮ ጠብታ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካረፈ ጠዋት የሚለቅበት መንገድ የለም። በሩ ጋ ከደወሉ አሥር ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ጥሩ ነው፤ የሚረሳ ነገር ካለ እዚያው ይታያል፣ ልጁም ሳይሮጥ ሳያልበው ወደ ሰልፉ ይገባል። አያቱ ከሸኙት በርኖሱን በሩ ላይ ያስረክባቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ተከናንበውት ይመለሳሉ።